ሲቀመጥ ደህና ነበር

የዚህን ዓምድ ደብዳቤዎች ስከፍት አንድ አባባል መልሶ መላልሶ ይመጣብኛል። «ሲቀመጥ ደህና ነበር።» ቴፑ ሲቀመጥ ደህና ነበር። ስፒከሩ ሲቀመጥ ደህና ነበር። አምፑም፣ ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሩ የሚሰጠው ሳጥን፣ እንደዚያው። ወቅት ደግሞ አለው፤ ዝናቡ ሲያባራና የሰርጉ ሰሞን ሲቃረብ፣ ሰው ቆጡንና ቁም ሣጥኑን መፈተሽ ሲጀምር ነው ደብዳቤው የሚጎርፈው። ስለዚህ የሪሞትና የዲሽ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ ወሬው ስለ ተቀማጭ ዕቃ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ጅማ፣ ቆጪ ነው የምኖረው። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የተወልን ትልቅ ቴፕ አለ። አምፑ ለብቻው ነው፣ ሁለት ከባድ ስፒከር አለው፣ በሕይወት እያለ ከሱ በቀር ማንም አይነካውም ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ 9 ዓመት ሙሉ ሳሎን ቡፌ ላይ በዳንቴል ሸፍኜ አስቀመጥኩት። አቧራ እንኳ አላስነካሁትም። ባለፈው ለእህቴ ኒካህ እንስማበት ተባለና የወንድሜ ልጅ ሶኬት ላይ ሰካው። መጀመሪያ «ኡምምም» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ጧ!» አለና ጭስ ወጣ። ሽታው እስካሁን መጋረጃው ላይ አለ። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ልጁን ይከሳል፣ አክስቴ ደግሞ ዓይን ነው ትላለች። ልጁ ምን አጠፋ? ሲቀመጥ እኮ ደህና ነበር።

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም እህቴ። ልጁን ልቀቁት። ዓይንም አይደለም። ልጁ ያደረገው ማናችሁም ብትሆኑ የምታደርጉትን ነው፤ ሶኬት ላይ ሰካ። አምፑ ያን ቀን አልታመመም። ዘጠኙን ዓመት ሙሉ እዚያው ዳንቴል ሥር ሲታመም ነው የኖረው፣ ያወቀለት አጣ እንጂ።

«ኡምምም» ማለቱ ብዙ ነግሮኛል። አምፑ ውስጥ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ክብ ነገሮች አሉ። ካፓሲተር ይባላሉ፣ የድሮ ሠራተኞች ኮንደንሰር ይሏቸዋል። የትልልቆቹ ሥራ ከትራንስፎርመሩ ወጣ ገባ እያለ የሚመጣውን ኮረንቲ አጠራቅሞ ማለስለስ ነው። ሮቶ በይው። ቧንቧው እየመጣ እየሄደም ቢሆን ሮቶው ሙሉ ከሆነ ቤት ውስጥ ውኃ አይቆራረጥም። ሮቶው ሲያፈስስ ነው ጣጣው። ያ የሰማሽው «ኡምምም» ሳይለሰልስ ወደ ስፒከሩ ያለፈ ኮረንቲ ነው።

ለምን አፈሰሰ? ጣሳው ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል ከወረቀት ጋር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ወረቀቱም ፈሳሽ ጠጥቷል። አሉሚኒየሙ ላይ ደግሞ ኮረንቲ የማታሳልፍ ሽፋን አለች፣ ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ የምትቀጥን። ሁሉም ነገር የቆመው በዚያች ሽፋን ላይ ነው። ዕቃው በበራ ቁጥር ኮረንቲውና ፈሳሹ ተጋግዘው የሳሳውን ቦታ መልሰው ይደፍኑላታል። ለዓመታት ሳይበራ ሲቀር ግን ያው ፈሳሽ ራሱ ሽፋኗን ቀስ እያለ ያበላሻታል፣ የሚደፍንላት የለም። የጭቃ ቤት አይተሽ የለ? ሰው የሚኖርበት በየጊዜው ይመረጋል፣ ይቆማል። ባዶውን የተተወው ግን ማንም ሳይነካው ይፈርሳል። እንደዚያ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ዕቃ አንድ ቀን ድንገት ሙሉ ኮረንቲ ይለቀቅበታል። የሳሳችው ሽፋን አትችለውም፣ ኮረንቲው በውስጧ ያልፋል፣ ጣሳው ይግላል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ ጋዝ ይሆናል፣ መውጫ ይፈልጋል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አናታቸው ላይ መስቀል የሚመስል ጭረት ያላቸው ለዚሁ ነው፤ መፈንዳታቸው ካልቀረ በዚያ በኩል ይተንፍሱ ተብሎ ነው። «ጧ!» ያለው እሱ ነው። መጋረጃው ላይ የቀረው ሽታም የዚያ ፈሳሽ ሽታ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ነፋስ ይወጣል፣ አትጨነቂ።

ሌላም በሽታ አለው፣ መድረቅ። ጣሳው ከሥሩ የተደፈነው በጎማ ነው፣ ጎማ ደግሞ ዘላለም አይዘጋም። ፈሳሹ ቀስ እያለ ይተናል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላሉ ሠሪዎቹ፣ ለዚህ ነው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ የሚሰቀል ዕቃ ሳሎን ካለው ቀድሞ የሚያልቀው። አንቺ ሳሎን ማስቀመጥሽ ደግ አድርገሻል። በነገራችን ላይ ዳንቴሉም ጥፋት የለበትም፣ ዕቃው ሲሠራ ካልሸፈነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ወጣት ሆኜ ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። የአጎቴ ሬዲዮ ነበር፣ ውስጡ የመስታወት አምፖል ያለበት፣ እንጨት በእንጨት የሆነ፣ ሲያዩት የሚያምር። ሰው ሰብስቤ «አሁን ታያላችሁ» አልኩና ሰካሁት። አዩ። እንዲህ ያሉት የጥንት ሬዲዮዎች ውስጥ በሰም የተነከረ የወረቀት ካፓሲተር ጭምር አለ፣ እሱ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ ስለዚህ ከሁሉም የባሱ ናቸው። አጎቴ እስከ ዛሬ ድረስ ምንም ዕቃ ሲሰጠኝ «አታብራው፣ ያዘው ብቻ» ይለኛል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በመጀመሪያ አትጣይው፣ ለቁራሌውም አትሽጪው። ክብደቱ የትራንስፎርመሩ ነው፣ ትራንስፎርመር ደግሞ ፊውዙ ቀድሞ ከበጠሰ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የፈነዱት ካፓሲተሮች ይቀየራሉ፣ እነሱ ከአምፑ ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። ሠራተኛው ሲቀይር የማይክሮ ፋራዱ ቁጥር እንደ ድሮው ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ከተገኘ ከ85ቱ ይሻላል። አንዱ ከፈነዳ ደግሞ እኩዮቹም ወረፋ እየጠበቁ ነውና አንድ ላይ ይቀየሩ። «አንዱን ብቻ ልቀይርልሽ» የሚል ካለ ገንዘብሽን ሊቆጥብልሽ ፈልጎ ነው፣ ግን ተመልሰሽ ትሄጃለሽ።

ለሌሎቻችሁም ይሁን። ዓመታት የተቀመጠ ትልቅና ከባድ አምፕ ካላችሁ ቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰኩት። ሠራተኛ ቤት ውሰዱትና በመሐሉ አምፖል አስገብቶ ያብራው። ዘዴው ቀላል ነው፤ የድሮው ክር ያለው አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ኮረንቲው ወደ አምፑ ሲሄድ በሱ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። አምፑ ውስጥ የሚያፈስስ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ኮረንቲውን ይይዘዋል፣ አምፑ አይቃጠልም። ደህና ከሆነ አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ደብዘዝ ይላል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ ክር ያለውን ፈልጉ። ቮልቱን ቀስ እያደረገ የሚጨምር ትራንስፎርመር ያለው ሠራተኛ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው፤ ለሰዓታት ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲያበራው ያች የተበላሸች ሽፋን ብዙ ጊዜ መልሳ ትገነባለች። የዘመኑ ቀላልና ትንንሽ አምፖች ግን የኃይል ሥርዓታቸው ሌላ ስለሆነ ቮልት ቀስ በቀስ መጨመሩ አይስማማቸውም፣ እሱን ለሠራተኛው ተዉለት።

እባካችሁ፣ እቤት አትክፈቱት። ሶኬቱ ተነቅሎም ካፓሲተሩ ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሮቶ ነው ብያችኋለሁ፣ ቧንቧው ቢዘጋም ሮቶው ሙሉ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ? ቦሳ አዲስ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ሳውንድ ሲስተም እናከራያለን፣ ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለስብሰባ። ክረምት ላይ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ዕቃው መጋዘን ይገባል። በየዓመቱ ስናወጣው ያው ነው፤ የሚክሰሩ ቁልፎች ይንኮሻኮሻሉ፣ ማይኩ ይቆራረጣል፣ አንዱ አምፕ ደግሞ በአንድ በኩል ድምፅ የሚሰጠው ጮክ ስናደርገው ብቻ ነው። አንድ ቤት ወስደነው «ቦርድ ይቀየር» ተባልን። ዋጋውን ሰምተን ዕቃችንን ተሸክመን ተመለስን። እውነት ቦርድ ነው?

መልስ፦ ተሸክማችሁ መመለሳችሁ ጥሩ ነው ወንድሜ። «ጮክ ስናደርገው ብቻ» የምትለዋ ቃል ሁሉን ትናገራለች። አምፑ ሲበራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ጠቅ» የሚል ነገር አለ አይደል? እሱ ሪሌይ ነው፣ ስፒከሩን ከአምፑ ጋር የሚያገናኝ በር። በሩ ለድምፁ የሚከፈተው ሁለት ትንንሽ ብረቶች ሲነካኩ ነው፣ ብረቶቹ ደግሞ እርጥበት ላይ ከቆዩ በላያቸው ስስ እድፍ ያበቅላሉ። ዝቅ ያለ ድምፅ ያንን እድፍ ሰብሮ ማለፍ አይችልም። ጮክ ስታደርጉት ይሰብረዋል፣ ድምፁ ይመጣል። ስለዚህ ቦርድ ከማስቀየራችሁ በፊት ሪሌዩን አስጸዱ ወይም እሱን ብቻ አስቀይሩ። ስትወስዱት ምልክቱን ልክ ለኔ እንደነገርከኝ ንገሩት፣ «አይሠራም» ብቻ አትበሉ። «አይሠራም» ለተባለ ዕቃ ሠራተኛው መገመት ነው ያለው፣ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ቦርድ ላይ ነው የሚያርፈው።

የሚክሰሩም በሽታ የዚሁ ዘመድ ነው። የሚንሸራተተው ቁልፍ ሥር አንዲት የብረት ምላስ በጥቁር መንገድ ላይ ትሄዳለች። በየቀኑ ስትነኩት ምላሷ መንገዷን እየጠረገች ነው የምትኖረው። ሦስት አራት ወር ካልነካችሁት አቧራና እድፍ ይቀመጥበታል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ዕቃው ጠፍቶ እያለ እያንዳንዱን ቁልፍ ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ጊዜ ያህል መመላለስ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሬዲዮ እየሰማችሁ ሥሩት። ካልተሻለው ለኤሌክትሪክ መነካኪያ የተሠራውን ኮንታክት ክሊነር ጥቂት መርጨትና እንደገና መመላለስ። ለበር ማጠፊያና ለዛገ ብሎን የሚረጨውን ዘይት ግን እንዳትሞክሩት! ለአንድ ሳምንት ያድናል፣ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል። የማይኩ ገመድ ጫፎችና የጃክ ቀዳዳዎችም እንደዚሁ ናቸው፣ አስር ጊዜ ሰክቶ መንቀል ብዙውን ይፈታዋል።

ግን ለምን በየዓመቱ? ምክንያቱም ጅማ ናችሁ። እዚህ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፣ ዝናቡ ደግሞ እንደ ሰሜኑ በሁለት ወር የሚያልፍ አይደለም፣ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማዶ ይጎተታል። የሚሠራ ዕቃ በራሱ ሙቀት ራሱን ያደርቃል። የቆመ ዕቃ ግን እርጥበቱን ዝም ብሎ ይጠጣል። ይህን ለጅማ ልጅ ማስረዳት አለብኝ? አባቶቻችን ጀንፈሉን በፀሐይ ካደረቁ በኋላ እርጥብ መጋዘን ቢያስገቡት መልሶ እንደሚረጥብና እንደሚሻግት ያውቃሉ። ጆንያውን በባዶ ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡትም፣ እንጨት ያነጥፉለታል፣ ከግድግዳው ያርቁታል። እናንተ ግን ስንት ብር የወጣበትን ሞንታርቦ ሲሚንቶ ላይ ትደረድሩታላችሁ። ለቡና የምትሰጡትን ክብር ለዕቃችሁም ስጡት፤ እንጨት አንጥፉ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ሁሉንም ሰካክታችሁ ለአንድ ሰዓት ሙዚቃ ልቀቁበት። ጎረቤት ከጮኸባችሁ እንደ ማስታወቂያ ቁጠሩት።

የ12 ቮልት ባትሪም ካላችሁ፣ መብራት በሌለበት ቦታ የምትሠሩ ብዙዎቻችሁ አላችሁ፣ ባዶውን አታስቀምጡት። የሊድ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ላይ ጠጣር ጨው ይጋገራል፣ ከቆየ በቻርጅም አይመለስም። ሞልታችሁ አስቀምጡት፣ በወር አንዴ ጨምሩለት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ወደ ጅሬን መውጫ እኖራለሁ። የድሮ ካሴቶቼን ልስማ ብዬ 15 ዓመት ያህል ሣጥን ውስጥ የነበረ ቴፕ አወጣሁ። ሞተሩ ሲዞር ይሰማል፣ ካሴቱ ግን አይንቀሳቀስም። ፈትቼ ባየው ውስጡ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል፣ እጄን ነክቶኝ በሳሙና አልለቅ አለኝ። ከካሴቶቹም አንዳንዶቹ ላይ በመስታወቱ በኩል ነጭ ነገር ይታየኛል። አንደኛው ላይ የእናቴ ድምፅ አለ፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ተስፋ አለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ተስፋ አለው። ግን የእናትዎን ካሴት አሁን የትም አያስገቡት። በየትኛውም ቴፕ፣ በማንም ቤት። መጀመሪያ ይህን ጨርሰው ያንብቡልኝ።

ሬንጅ የመሰለዎት ላስቲክ ነው። ሠራተኞቹ ቺንጋ ይሉታል፤ የሞተሩን መዞር ካሴቱን ወደሚነዱት ጎማዎች የሚያደርስ ቀጭን ቀበቶ ነበር። ሞተርዎ ጤነኛ ነው፣ የሚያደርስለት ነው የጠፋው። ላስቲክ በአየር፣ በሙቀትና በእርጥበት ውስጡ ይፈርሳል። አንዳንዱ ይደርቅና እንደ ቅጠል ይሰባበራል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ እርስዎ ቀልጦ ይለጠፋል። ብዙ ቢሠራም ባይሠራም ዕድሜው ያልቃል፣ ይህኛውን በማሠራት ማዳን አይቻልም። የሚለቀው በሳሙና ሳይሆን በአልኮል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን ጠንከር ያለ አልኮል በጆሮ ጥጥ እየነከሩ ቀስ ብለው ይጥረጉት፣ አንዲት ጠብታ ሬንጅ ከቀረች አዲሱን ቺንጋ ታንሸራትተዋለች። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን እድሜዎን ሙሉ የተማሪ ፈተና ሲያርሙ ለኖሩት ለእርስዎ ይህ ምን አላት። አዲስ ቺንጋ የድሮውን መጠን በክር ለክተው ጥገና ቤቶች ይጠይቁ፣ ከተጣሉ ቴፖች የሚያወጡ አሉ።

ቺንጋው ከገባ በኋላም አይቸኩሉ። የካሴቱን ክር የሚጎትተው ትንሽ ጥቁር ጎማ 15 ዓመት ተቀምጦ ጠንክሮ ይሆናል፣ የጠነከረ ጎማ ነው ካሴት የሚበላው። ያንንም በአልኮል ጥርግ አድርገው፣ አሁንም እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ ይቀየር። የሚሽከረከሩት ዘንጎች ላይ ያለው ግሪስም ደርቆ ሙጫ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የማይቆጭዎትን ካሴት፣ ማንም የማይሰማውን፣ አስገብተው ሁለቱንም ገጽ ያጫውቱ። ካልበላው ሌላ ይጨምሩ። የእናትዎ የመጨረሻው ይሁን።

ወደ ነጩ ነገር ስንመጣ ሻጋታ ነው። ሻጋታ የያዘ ካሴት ማጫወት ሁለት ጥፋት አለው፤ ክሩ ተጣብቆ ሊቀደድ ይችላል፣ ሻጋታውም ቴፑ ውስጥ ገብቶ ቀጥሎ የሚያጫውቱትን ሁሉ ይበክላል። ንጹሖቹንና የተያዙትን ዛሬውኑ ይለያዩ። የተያዙትን ደረቅና ነፋሻ ቦታ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ለብዙ ቀን ይተዉአቸው። ሻጋታ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፣ እርጥብ ሳለ ከነኩት ግን ይቀባል። ሲደርቅ ውጭ በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። ድምፁ አልጠፋም ጋሼ። ድምፁ ያለው ክሩ ላይ በተቀባው የብረት ዱቄት ውስጥ ነው፣ ሻጋታው ደግሞ በአብዛኛው የሚቀመጠው በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነው።

ከዚያ ያቺን የድሮ ብልሃት ያስታውሱ፤ ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው ቀስ እያደረጉ ወደ መጨረሻው፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይጠቅልሉት። ዓመታት የቆየ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በእጅ ሲጠቀለል የሚይዝበት ቦታ ይሰማዎታል፣ ሞተር ግን አይሰማውም፣ ይጎትታል፣ ይበጥሳል። የካሴቱ አፍ ላይ ያለችዋን የስፖንጅ ወይም የጨርቅ ትራስም ይዩ፣ ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች። ከወደቀች ድምፁ የታፈነ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ካሴቱ ሞተ ብሎ ይጥለዋል። በብሎን የሚፈታ ካሴት ከሆነ ክሩን አውጥተው ወደ ሌላ ደህና የካሴት ቀፎ ማዛወር ይቻላል።

ሲያጫውቱት ዝም ብለው አይስሙት። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝተው እየቀዱ ይስሙት፣ የልጅ ልጅ ካለ ይጠሩና ይሥራልዎ። ለሁለተኛ ጊዜ ለመስማት ዕድል ይኑረው አይኑረው አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ትንሿ ሬዲዮዬ ድንጋዩ ፈሶባት አገኘኋት። ነጭ እንደ ጨው ነገር ነው። ልጥላት? ከመንደራ።

መልስ፦ አትጣያት። ድንጋዩ ላይ «አልካላይን» የሚል ካለ የፈሰሰው የሚያቃጥል ነገር ነው፣ በእጅሽ አትንኪው፣ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ በጆሮ ጥጥ ነክረሽ ጥረጊው፣ ትንሽ ይፈላል፣ ከዚያ በአልኮል አድርቂው። ርካሹ ድንጋይ ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የዚያኛው ጣሳ ራሱ ዚንክ ነው፣ ኮረንቲ የሚሰጠውም ያው ጣሳ እየተበላ ነው፣ ስለዚህ ሲያልቅ ጣሳው ይበሳል፣ የሚፈሰውም አሲድ ነገር ነው። ለሱ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውኃ በጥብጠሽ ተጠቀሚ። የብረት ስፕሪንጎቹ አረንጓዴ ከሆኑ በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጊያቸው። ሬዲዮ ስታስቀምጪ ድንጋዩን አውጪ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ስፒከሬ ዳር ዳሩን ያለው ስፖንጅ በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ። አይጥ ነው?

መልስ፦ አይጥ ቢሆን የጥርስ ምልክት ይተው ነበር። የስፖንጅ ጠርዝ ያላቸው ስፒከሮች ሁሉ መጨረሻቸው ይህ ነው፣ እርጥበቱ ስፖንጁን ከውስጡ ይሰባብረዋል። ተጠቀምክበትም አልተጠቀምክበትም 10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ጠርዙ ብቻ ተቀይሮ ስፒከሩ እንደገና ይሠራል፣ ድምፁን የሚያወጣውን ካርቶንና ማግኔቱን እንዳትጥል። እስኪቀየር ግን አታጫውተው፣ መሐሉ ያለው ጥቅል ሽቦ ዘንበል ብሎ ከማግኔቱ ጋር ይፋተግና እሱም ይሞታል። ጠርዛቸው ጎማ ወይም ጨርቅ የሆነ ይበረክታሉ፤ የሰርግ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ ጨርቅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ክፍለ ሀገር ልሄድ ነው፣ ለሁለት ዓመት። ቴፕና ስፒከሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ልሰቅለው አስቤያለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው?

መልስ፦ በላስቲኩም በቆጡም የባሰውን ነው የመረጥከው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ላይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በላስቲክ የተጠቀለለ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ብረቱ ላይ ያርፋል፣ ላስቲኩ ደግሞ እንዳይወጣ ይዘጋበታል። ድስት ክዳን ሥር ያለውን ላብ አስበው። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሸፍነው፣ አቧራውን ይከልክል፣ አየሩን ግን አይዝጋ። ሰው የሚኖርበት ክፍል ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከውጭው ግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ ባይሆን ይመረጣል፣ የጭሱ ቅባት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ አቧራ ይይዛል። ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስበህ አብረህ አስቀምጥ፣ ግን እነሱም ይጠግባሉና በየጊዜው ማድረቅ ወይም መቀየር አለ። ካሴትም ውስጡ አትተው። ድንጋይም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አንድ ሰው ነው። እናትህ ወይም ወንድምህ በወር አንድ ቅዳሜ አብርተው አንድ ሰዓት ይስሙበት። ቁልፎቹን ያሽከርክሩ፣ ቴፑን ያስኪዱ። ዕቃህን ይነኩብሃል ብለህ አትሳሳ። የማይነካው ነው የሚበላሸው፣ የቆጪዋን እህታችንን ደብዳቤ መልሰህ አንብብ።

ጥያቄ፦ ብሉቱዝ ስፒከር አለኝ፣ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ከካርቶኑ አውጥቼ አንዴ ሰማሁበትና አንድ ዓመት ተቀመጠ። አሁን ቻርጅ ላይ ሳደርገው መብራቱ እንኳ አይበራም። ይሄም «ሲቀመጥ ደህና ነበር» ነው?

መልስ፦ ይሄም ነው። የሊትየም ባትሪ ቁጭ ብሎም በራሱ ይወርዳል፣ ውስጡ ያለችው ጠባቂ ቺፕም ጥቂት ጥቂት ትጠጣለች። ባትሪው በጣም ከወረደ ጠባቂዋ በሩን ትዘጋና ቻርጀሩን እንኳ አታስገባም። ለአንድ ሁለት ሰዓት ቻርጅ ላይ ተወው፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ይነቃል። ገመዱንና ቻርጀሩንም ለውጠህ ሞክር። ካልነቃ ባትሪው ይቀየር። ነገር ግን ከመሰካትህ በፊት ሰውነቱን ዳስሰው፤ አብጦ ከሆነ፣ ወይም መክደኛው ከፈት ብሎ ከሆነ፣ ቻርጅ አታድርገው፣ ያበጠ ሊትየም እሳት ነው። ወደፊት ስታስቀምጠው ሙሉም ባዶም አታድርገው፣ ግማሽ ላይ ይሁን፣ በየሦስት ወሩ ደግሞ ስልክህን ስትሰካ እሱንም አብረህ ሰካው።